ሳይናገሩ የሚቀጠፍ ቅጠል

መሥሪያ ቤታችን ለስልጠና ወደ አዳማ ሲልከን ከሁላችንም ቀድማ ሻንጣዋን የምታዘጋጀው ሜሮን ናት። ለእሷ አዳማ ማለት አዳራሽ፣ ቡፌና የሆቴል ስቲም ነው። ለእኔ ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ናት፤ ግን ይህን ብዙም አላወራም፤ እንደ ማንኛውም ሠልጣኝ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ባለፈው ጥር በስልጠናው ሁለተኛ ቀን ሜሮን አፍንጫዋ ተዘግቶ፣ ድምፅዋ ተቀይሮ ዋለች። ከአዳራሽ እንደወጣን ክንዴን ይዛ «ነይ ስቲም እንግባ፤ ይሄን የከተማሽን አቧራ ከሳንባዬ አስወጪልኝ» አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

ፎጣ ለብሰን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እንፋሎቱን የምትቆጣጠረው ልጅ በሩን ገርበብ አድርጋ አንድ እስር ቅጠል ውሃው ውስጥ ጨመረች። «ባህር ዛፍ ከዳማከሴ ጋር ነው፤ ጉንፋኑን ጠራርጎ ነው የሚያስወጣላችሁ» አለችና ዘጋችብን። ሜሮን ዓይኗን ጨፍና «ወይኔ፣ እንዴት ደስ ይላል» ስትል ሰማኋት። የባህር ዛፉን ሽታ ችዬው ነበር። የዳማከሴው ሲመጣ ግን ተነስቼ፣ በጭጋጉ ውስጥ በሩን በዳበሳ ፈልጌ ወጣሁ። ሜሮን ተከትላኝ ወጣችና «ምነው? ታፈንሽ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ፣ ታፈንኩ» አልኳት። ለሰው የምነግረው ነገር አይደለም። ወረቀት ላይ ግን ይኸው እየጻፍኩት ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአዳማን የጥር ነፋስ የማያውቅ ሰው ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ ሙቅ ናት ብሎ ያስባል። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ከሜዳው አቧራውን ሰብስቦ ይመጣና ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣ በበሩ ስንጥቅ ሲያፏጭ ያረፍዳል። ተከድኖ ያደረ ውሃ እንኳ ላዩ ላይ አቧራ ይይዛል። በዚያ ዓመት ደግሞ ከነፋሱ ጋር አንድ ክፉ ጉንፋን ገባ። ክፍላችን ውስጥ ከሚያስለው የማያስለው ይቆጠር ነበር። አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳውን በጠረጉ ቁጥር ሁላችንም እንደ ተስማማ ሰው አንድ ላይ እናስላለን፤ እሳቸው የምናሾፍባቸው እየመሰላቸው ይቆጡናል።

የአባቴ ታላቅ እህት እታለም ከደብረ ብርሃን በኩል ለገና መጥታ ጉንፋኑ እኛ ቤት አገኛት። ወይም እሷው ይዛው መጣች፤ ይህን ደፍሮ የሚናገር ግን አልነበረም። እታለም አጭር፣ ደረቅ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። ለእኔ «አንቺ» ናት፤ ለእናቴ ግን «እርስዎ» ነበረች። እናቴ ጽጌ በገዛ ቤቷ እሷ ባለችበት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው፤ ከድስቱ ክዳን እስከ ትንሹ ወንድሜ እስከ ናቲ ልብስ ድረስ «ምን ላድርግ እታለም?» ትላለች። አባቴ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይሠራ ስለነበር ጭነት ሲበዛ ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ያድራል። ስለዚህ በዚያ ጥር ቤቱ የእታለም ነበር።

የእሷ መድኃኒት አንድ ነው፤ መታጠን። ትልቁ ድስት ላይ ውሃ ትጥዳለች፤ የባህር ዛፍ ቅጠል ትጨምራለች፤ ከፈላ በኋላ ዳማከሴውን አሽታ ከላይ ትበትነዋለች። ከዚያ በሽተኛው ድስቱ ላይ ያጎነብሳል፣ ጋቢ ይለብሳል፣ እሷ ደግሞ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የጋቢውን ጫፍ በጉልበቷ ረግጣ ትይዛለች።

የኔ ተራ ሲደርስ የምሞት መስሎኝ ነበር። ጋቢው ውስጥ ጨለማ ነው። ፊቴን እንፋሎቱ ይልጠኛል፣ እንባዬና ንፍጤ ተቀላቅሎ ድስቱ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል፣ አየሩ ከመወፈሩ የተነሳ የሚታኘክ ይመስላል። «በአፍንጫሽ ሳቢ! አትንፈራገጪ!» የሚለው የእታለም ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ግንባሬ ውስጥ ተከፈተና ትንፋሼ ወለል አለ። ጋቢው ሲነሳ እናቴ ፊቴን በቀሚሷ ጠረገችልኝ። ድስቱ ውስጥ አጎንብሼ አየሁ። በሽታው ከእኔ ወጥቶ እዚያ የወደቀ መስሎኝ፣ ምን እንደሚመስል ለማየት ነበር።

ዳማከሴውን የማመጣው እኔ ነበርኩ። ይህ ደግሞ የእታለም ሕግ አለው። ፀሐይ ሳታየው መቀጠፍ አለበት። ቀጣፊዋም ከአልጋዋ ከወረደች ጀምሮ ቅጠሉ ድስት ገብቶ በሽተኛው እስኪታጠን ድረስ ከማንም ጋር መነጋገር የለባትም፤ ሰላምታም ቢሆን።

«ከተናገርኩስ?» አልኳት።

«መድኃኒቱ ይሄዳል።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

እታለም እየቆረጠች የነበረውን ጎመን ትታ አየችኝ። «ላናገርሽው ሰው ይሄዳል» አለችኝ።

ይህን እንዳለ ዋጥኩት። መድኃኒቱ አፌ ውስጥ እንደ ያዝኩት ውሃ ነው፤ ከንፈሬን ከከፈትኩ ይፈስና ፊት ለፊቴ ያለው ሰው ይጠጣዋል። ሳል ይቆጠር እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳል ቃል አይደለም አለችኝ። ውሻ ሲጮህብኝ «እ!» ብልስ? ትንሽ አሰበችና እሱንም ባትይው ይሻላል አለችኝ።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ከናቲ በፊት ቤዛ የምትባል እህት ነበረችኝ፤ በሰባት ወሯ በዚሁ በሳል ሞታለች። ያኔ ትንሽ ስለነበርኩ ጎረቤት ነበር ያሳደሩኝ። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ወጥታ ሳለ እታለም ባህር ዛፉን እየቀነጠበች፣ እኔን ሳታይ እንዲህ አለች፦ «ለቤዛ ያኔ የቀጠፈችው እናትሽ ነበረች። መንገድ ላይ ከሰው ጋር ስታወራ ነው መድኃኒቱ የሄደባት። ሐሜት አይደለም፤ ፊት ለፊቷ ነግሬያታለሁ፤ አልካደችም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴን ሳያት እፈራ ጀመር። እሷን አልጠላኋትም፤ እንደ እሷ መሆንን ነበር የፈራሁት። ጎረቤት ቆማ ስታወራ ሳያት፣ ያኔም እንዲህ ቆማ ስትስቅ ነው እህቴ የሞተችው እላለሁ በሆዴ።

የዳማከሴው ቁጥቋጦ የነበረው በአባባ ገመዳ አጥር ሥር፣ ከእኛ ቤት አራት በር አልፎ ነው። አባባ ገመዳ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ከባቡሩ ሰዓት ጋር መንቃት አልተዋቸውም፤ ጎሕ ሲቀድ በራቸው ላይ ባለች ጉቶ ላይ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው እትዬ ጫልቱ የሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ በዚያ ሰዓት እሷ ጭነት ፍለጋ በአይሱዙ ወደ ዓለም ጤና መንገድ ጀምራለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያዩት ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ።

«አካም ቡልቴ፣ ማህሌት?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል። በሌላ ጊዜ ቢሆን «ፈያ!» ብዬ እጃቸውን ስሜ ነው የማልፈው። ዝም ስላቸው ግን ወዲያው ነቁብኝ። ዳማከሴ እንዴት እንደሚቀጠፍ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ያጥሩ ባለቤት ናቸው። እንግዲያው ሊያናግሩኝ ቆርጠው ተነሱ።

«ማህሌት፣ ቀሚስሽ ከኋላ ተቀዷል!»

ዝም።

«ትምህርት ቤት ዛሬ ዝግ ነው አሉ፤ ሰማሽ?»

ከንፈሬን ነክሼ እቀጥፋለሁ።

«የምሬን ነው፤ ጨዋታ አይደለም! እባብ ከእግርሽ ሥር!»

እየዘለልኩም ቢሆን ዝም። እሳቸው በቀሩት ጥርሶቻቸው እየሳቁ፣ ሳቁ ወደ ሳል እስኪለወጥባቸው ድረስ ጉልበታቸውን ይመታሉ። ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ የጠዋቱን መልስ ሁሉ አከታትዬ እሰጣቸዋለሁ፦ «ፈያ! ቀሚሴ አልተቀደደም! ትምህርት ነበረ! እባብም የለም!» እሳቸው ደግሞ ለሚያልፍ ሁሉ «ይህች ሐኪም ናት፤ እንዲህ አፏን የምትይዝ ሐኪም አላየሁም» ይላሉ። በዚያ ወር ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነበር።

ጉንፋኑ አባቴን፣ እኔን፣ እናቴን ዞሮ በመጨረሻ ናቲ ላይ አረፈ። ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። መጀመሪያ አነጠሰ፤ ከዚያ ጡት እምቢ አለ፤ ከዚያ ትንፋሹ እንደ ተሰነጠቀ ዋሽንት ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እናቴ ልብሱን ገልጣ ያን ቦታ ታየዋለች፤ ትሸፍነዋለች፤ እንደገና ትገልጠዋለች።

ሁለት ቀን ታጠነ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ንጋት ላይ፣ ስነቃ እናቴና እታለም ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«እታለም፣ ሐኪም ቤት ብንወስደውስ?»

«በዚህ ነፋስ ልታወጪው ነው? ዛሬ ሦስተኛው ነው። ሦስተኛው ነው የሚለየው። ይታጠንና ከዚያ እናያለን።»

እታለም ወደ አልጋዬ መጥታ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች። «ተነሺ። የወንድምሽ ነፍስ ዛሬ አፍሽ ላይ ናት» አለችኝ።

ሹራቤን ለብሼ ወጣሁ። ነፋሱ ገና አልተነሳም፤ ሰማዩ ብርሃን ብርሃን ማለት ጀምሯል፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። አባባ ገመዳ ጉቶዋ ላይ አልነበሩም። መሬት ላይ፣ አጥሩን ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንድ እጃቸው ካፖርታቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ነው።

«ማህሌት» አሉኝ።

ፈገግ አልኩላቸው። ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር አመጡ አልኩ በሆዴ።

«ልጄ… ሰው ጥሪልኝ።»

ከንፈሬን ነክሼ ወደ ቁጥቋጦው ጎንበስ አልኩ። ቁጥቋጦው እግራቸው አጠገብ ነበር።

«ጨዋታ አይደለም» አሉ። ይህንንም ቀደም ብለው ብለውኝ ያውቃሉ።

ግን አንድ ጫማቸው ወልቆ ራቅ ብሎ ወድቋል። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ ነበር ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ላሳምን ሞክሬያለሁ፤ ልጅ ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ እላለሁ። ጫማውን አይቼዋለሁ። ጫማውን ሳይ ጨዋታ እንዳልሆነ ገብቶኛል። የገባኝ ሌላም ነገር አለ፦ አሁን አፌን ከከፈትኩ የናቲ መድኃኒት ከእኔ ወጥቶ ወደ እሳቸው ይሄዳል። እሳቸው ይነሳሉ፣ ናቲ ይሞታል፤ እናቴ እንዳደረገችው ማለት ነው። ለእሳቸው እንዲሄድ አልፈለግኩም። እወዳቸው ነበር፤ ግን አልፈለግኩም።

እስኪታጠን ብቻ ነው አልኩ። ወዲያው እንደታጠነ እናገራለሁ።

ቅጠሉን ቀጥፌ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተያየን። ሊቆጡኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አባባ ገመዳ ቅጠሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ፤ ፍጠኚ» አሉኝ። ለወንድምሽ ፍጠኚ ማለታቸው ይሁን፣ ሰው ይዘሽልኝ ፍጠኚ ማለታቸው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሮጥኩ።

ውሃው ፈልቶ ይጠብቀኝ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ተቀበለችኝ፤ ፊቷን አየሁት፤ «አባባ ገመዳ» የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። እታለም ቅጠሉን አሽታ በተነችው፣ ናቲን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ጋቢውን ሁለቱም ላይ ጣለችው። ናቲ ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል። ሲያለቅስ፣ ሲያለቅስ ቆየና ዝም አለ። «አያችሁ፤ ለቀቀው» አለች እታለም ከጋቢው ሥር።

እናቴ ግን ዝምታውን አልወደደችውም። ጋቢውን ገፈፈችው። የናቲ ከንፈር ጠቁሯል፤ ዓይኑ ወደ ላይ ዞሯል። እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እታለምን ገፍታ ልጇን ነጠቀቻትና ባዶ እግሯን ወጣች። እታለም ጫማዋን ይዛላት ሮጠች። ባጃጅ ሲነሳ ሰማሁ፤ ከዚያ ግቢው ጭር አለ።

ብቻዬን ቀረሁ። ድስቱ አሁንም ይተናል። የናቲ ትንሿ ካልሲ መሬት ላይ ወድቃለች። ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ የማውቀውን አደረግኩ፤ እሳቱን አጠፋሁ፣ ውሃው ሲበርድ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት፣ ቅጠሉን ለቀምኩ፣ ድስቱን በአመድ አሸሁት፣ ደግሜ አሸሁት። አባባ ገመዳ ከጭንቅላቴ ጠፍተው ነበር። እውነቱ ይኸው ነው፤ ረስቻቸው ነበር።

እኩለ ቀን አካባቢ ኡኡታ ሰማሁ። የሴት ጩኸት ነው። ናቲ ሞተ አልኩ። በሩ ላይ ቁጭ አልኩና መድኃኒቱ የት እንደ ፈሰሰ መፈለግ ጀመርኩ። ለማን ተናገርኩ? መንገድ ላይ አንድ ቃል አምልጦኝ ይሆን? ትንፍሽ አላልኩም! በዚያ መሀል ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችን ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ስትሮጥ አየችኝ። «ማሂዬ፣ ከቤት እንዳትወጪ፤ አባባ ገመዳ አርፈዋል፤ ጫልቱ አሁን ከመንገድ ስትገባ ከበሩ በስተውስጥ ወድቀው አገኘቻቸው» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ናቲ አይደለም! ወለሉ ላይ ተንበርክኬ «ተመስገን» አልኩ፤ ሳቄም መጣ። ሳቁ አፌ ላይ እያለ ነው ያ ጫማ ትዝ ያለኝ።

ናቲ ዳነ። ሳንባ ምች ነው ተባለ፤ ኦክስጅን አድርገውለት፣ መርፌ እየተወጋ ሁለት ሌሊት ተኝቶ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሐኪሙ እናቴን «ሕፃን ልጅ እንፋሎት ላይ ይታፈናል እንዴ!» ብሎ እንደተቆጣት አባቴ ሲናገር ሰማሁ። እታለም ግን የሚደርሳትን ምስጋና ለሐኪም የምትሰጥ አይደለችም።

በሠልስቱ ድንኳኑ ውስጥ እናቴ፣ እታለምና እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠን ነበር። ናቲን አባቴ ቤት ይዞት ነበር። አንዷ ጎረቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጁ እንዴት ሆነላችሁ?» ብላ ጠየቀች። እታለም ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«ተረፈልን! ያተረፈችው ይህች ናት» አለችና ትከሻዬን ያዘች። «አፏን ይዛ ሄዳ አፏን ይዛ መጣች። ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳትለዋወጥ!»

ማዶ የተቀመጠችው እትዬ ጫልቱ ቀና አለች። ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል።

«መቼ?» አለች።

«ሰኞ ጠዋት ነዋ።»

«ከእኛ አጥር?»

እታለም ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ፣ እጇ ትከሻዬ ላይ ላላ። እትዬ ጫልቱ ተነስታ፣ በተቀመጡት ሴቶች መሀል አልፋ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። ከሽንኩርት ጆንያ የሻከሩ እጆቿን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ስትጠይቀኝ ቁጣ አልነበረባትም፤ ይህን ነው የማልረሳው።

«ማህሌት፣ አባን አየሽው? ጠዋት ስሄድ ደህና ነበር። እዚያ ነበር? ምንም አላለሽም?»

የድንኳኑ ሸራ በነፋስ ይነፋና ይጠባል። ሁሉም ያየኛል። እናቴም ታየኛለች።

«አላየኋቸውም» አልኩ። «በሩ ዝግ ነበር።»

እትዬ ጫልቱ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ ደፍታ አለቀሰች። «እንግዲያው ቅጠሉ ልጅ አድኗል» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለሴቶቹ አላወቅኩም። «አባ ኮ፣ አባቴ፣ ስትሞት እንኳ ልጅ አድነሃል።» ከዚያ አቀፈችኝና ሳመችኝ። ሴቶቹም «እሰይ፣ ለነፍሳቸው ነው» ተባባሉ። እኔ እጄን ከእግሬ ሥር ደበቅኩት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቤት ገባን። እታለም ድንኳኑ ውስጥ ቀርታ ነበር፤ አባቴ ናቲን አቅፎ አንቀላፍቷል። እናቴ ያን ጋቢ ከገመድ ላይ አውርዳ ልታጥፍ ጀመረች። ታጥቦም የባህር ዛፍ ሽታው አልለቀቀውም።

«ዋሽተሻል» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር።

የጋቢውን ሌላ ጫፍ ያዝኩላት።

«አይተሻቸዋል። ምን አሉሽ?»

«ሰው ጥሪልኝ አሉኝ።»

ጋቢው እጇ ላይ ቀረ። «ታዲያ ስትገቢ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እዚሁ በር ላይ ነበርኩ እኮ!»

«መድኃኒቱ ወደ እሳቸው ይሄዳል» አልኳት፤ ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። «ለቤዛ ስትቀጥፊ ከሰው ጋር ስላወራሽ ነው የሞተችው። ናቲም እንዳይሞት ብዬ።»

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማን ነው ያለሽ?»

«እታለም። ስነግራት አልካደችም አለች።»

«እኔ ያን ቀን ከማንም ጋር አላወራሁም» አለች እናቴ። ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ አልነበረም። «ወጥቼ እስክመለስ ትንፍሽ አላልኩም። ጎረቤት ‹ደህና አደርሽ› ስትለኝ እንደማላውቃት ዘግቻት አለፍኩ፤ እስከ ዛሬ እንደተቀየመችኝ ናት። አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም፣ ማሂ። ልጄ ግን ሞተች።»

«ታዲያ ለእታለም ለምን አልነገርሻትም?»

«እሷ እንደዚያ ስትለኝ፣ ምናልባት ተናግሬ ረስቼው ይሆናል አልኩ። በእኔ ጥፋት ከሆነ ለሚቀጥለው ልጅ መጠንቀቅ እችላለሁ። ያለ ምንም ጥፋት ከሞተች ግን ምን አደርጋለሁ?» ጎተተችና ጎኗ አስቀመጠችኝ። «ስለዚህ አንቺም ምንም አላጠፋሽም፤ እንደዚያ ነው የነገርንሽ» አለችኝ።

ልታጽናናኝ ነበር። እኔ ግን እዚያ ጋቢ አጠገብ ተቀምጬ ቀስ በቀስ ገባኝ። ቃሉ ከናቲ የሚወስደው ነገር አልነበረም። «አባባ ገመዳ ወድቀዋል» ብል ኖሮ እናቴ ትጮህ ነበር፣ ጎረቤት ይወጣ ነበር፣ ባጃጁ ሁለቱንም ይዞ ይሄድ ነበር። ምናልባት አይተርፉም ነበር፤ ማን ያውቃል። ብቻቸውን ግን አይሆኑም ነበር።

«ለእትዬ ጫልቱ ልንገራት» አልኩ።

እናቴ ጋቢውን አጥፋ ጨረሰች። «ነገ ጠዋት» አለች በመጨረሻ። «አብሬሽ እሄዳለሁ። አንቺ ብቻሽን አትነግሪያትም።»

ሌሊቱን የምናገረውን ስደረድር አደርኩ። ገና ሳይነጋ ተነስቼ ሹራቤን ለበስኩ፤ እናቴም ነጠላዋን ለብሳ ከኋላዬ ጫማዋን ስትፈልግ በሩን ከፈትኩት። እትዬ ጫልቱ ደጃችን ላይ ቆማለች። ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ፣ ጤዛው ያልደረቀ አንድ እቅፍ ዳማከሴ ይዛለች። ናቲ ገና እንደሚያስል ሰምታ ነበር። እቅፉን ደረቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«እትዬ ጫልቱ፣ እኔ ያን ቀን…» ብዬ አፌን ስከፍት ደንግጣ መዳፏን አፌ ላይ ጫነችው። እንባዋ እየወረደ ራሷን በኃይል ነቀነቀች፦ አትናገሪ፣ የወንድምሽ መድኃኒት ይሄዳል ማለቷ ነበር። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።